ሂባን ማን ይያዛት

ሳሊሀና በድረዲን ሁለቱም ሥራ አላቸው። ሥራ የሌላት ሂባ ብቻ ናት፤ ገና ዓመት ያለፋት፣ ጥርስ የምታበቅልና ያገኘችውን ሁሉ የምትነክስ ልጃቸው። ሳሊሀ በወረዳው ግብርና የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት። ማሽላው ላይ ተምች ወረደ በተባለ ቁጥር ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። በድረዲን ቆቦ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ሂባን ትይዝ የነበረችው ሠራተኛ ደግሞ አንድ ጠዋት "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ብላ ወጥታ ጎብዬ ሄደችና አገባች። መናኸሪያ ያደረሳት ራሱ በድረዲን ነበር፤ ሻንጣ መያዟን ማየቱን ያመነው በኋላ ነው።

ዋጃ የሚኖሩት እናቱ እማማ ራቢዓ መጥተው እንዲይዙላቸው በስልክ ለመናቸው።

"ላሜ ልትወልድ ደርሳለች። እሷን ጥዬ የት እመጣለሁ?" አሉ።

"እማ፣ የልጅ ልጅሽ እኮ ናት።"

"የልጅ ልጄማ እናትም አባትም አላት። ላሟ ግን ያለሁላት እኔ ብቻ ነኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስቱ በር ላይ ተፋጠጡ።

"ዛሬ ሥልጠና አለብኝ። ልጅ ይዛችሁ እንዳትመጡ ተብለናል" አለች ሳሊሀ።

"ስለ ምንድን ነው ሥልጠናው?"

ሳሊሀ ጫማዋን ማሰሯን ቀጠለች።

"ስለ ምንድን ነው አልኩሽ?"

"ሥራንና ቤተሰብን ስለ ማመጣጠን።"

በድረዲን በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ሳይጨርስ ሂባን እቅፉ ላይ ጥላለት ወጣች።

መጀመሪያ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊነዳ ሞከረ። ሂባ መሪውን ስትነክስበት ግን ከኋላ ላሉት ተሳፋሪዎች አቀበላት። ቆቦ ውስጥ ልጅ ያዝልኝ የተባለ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ስሟን ጠይቆ ይይዛል። አንዱ ሲወርድ ለሌላው እያስረከባት ረፋዱ በሰላም አለፈ። የአንድ ገበሬ የጋቢ ጥለት አኘከች፤ የአንድ መምህር ሱሪ አረጠበች፤ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። በድረዲንም ተራ መጠበቂያው ላይ ቆሞ "ሴቶች ያጋንኑታል እንጂ ልጅ መያዝ ምንም ሥራ የለውም" ሲል ለጓደኞቹ አብራራ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እንቁላል ልትሸጥ የመጣች ብዙነሽ የምትባል ሴት ተሳፈረችና ሂባን የመያዝ ተራው ደረሳት። እጇ ላይ የእንቁላል ቅርጫት ስለነበረ ልጅቷን በነጠላዋ ደረቷ ላይ ጠቅልላ አሰረቻት። ሂባ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ገበያው በር ሲደርሱ ብዙነሽ ሐሳቧ ሁሉ እንቁላሎቹ ላይ ነበርና ቀስ ብላ ወርዳ ሄደች። ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ልጅ መኖሩ እንግዳ ነገር አልሆነባትም።

በድረዲን የሌላ ተሳፋሪ የሽንኩርት ጆንያ አውርዶ ዞር ሲል የኋላው ወንበር ባዶ ነው። የሂባ አንድ እግር ካልሲ ብቻ ቀርቷል። ባጃጁን እንደቆመ ጥሎ ወደ ገበያው ሮጠ።

"ልጅ የያዘች ሴት አይታችኋል?" እያለ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። በገበያ ቀን ልጅ ያልያዘች ሴት ማግኘት ነው የሚከብደው።

ብዙነሽ ግማሹን እንቁላል ከሸጠች በኋላ ሂባ ነቅታ ደረቷን ነከሰቻት። ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብላ ያየቻት። አጠገቧ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ቀና ብላ፣ "ይቺ የግብርናዋ የሳሊሀ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለቻት።

በወረዳው ግብርና የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ከደሴ የመጣው አሠልጣኝ አቶ ካሳው "ቤታችሁን ቤት፣ ቢሯችሁን ቢሮ አድርጉ" እያለ ነበር። በሩ ተከፈተና ብዙነሽ ገባች።

"ይቅርታ፣ ይቺን የረሳ ማነው?"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሠልጣኙ "እናት፣ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው" አላት።

"ይዤ ልቀመጥ መሰለህ? ልሰጥ ነው የመጣሁ።"

ሳሊሀ ተነስታ ልጇን ተቀበለች። ብዙነሽ የሆነውን በአጭሩ ነገረቻትና ወደ እንቁላሏ ተመለሰች። ሳሊሀም ወዲያው ስልክ ደወለች።

"ሂባ ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አለ በድረዲን እያለከለከ። "ተኝታለች።"

ሂባ የእናቷን ሻሽ እየጎተተች ነበር።

"የት ነው የተኛችው?"

"እቅፌ ላይ።"

"እስቲ ቀስቅሳትና ድምጿን አሰማኝ።"

ከወዲያ በኩል በገበያው ጫጫታ መሃል በድረዲን ሲያለቅስ ሰማች። "ወላሂ ሳሊሀ፣ ጠፍታብኛለች" አላት። ሳሊሀ ትንሽ ልታቃጥለው አስባ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ግን አልቻለችም።

"እኔ ጋ ናት። ና።"

ላብ አጥምቆት አዳራሹ ውስጥ ገባ። በሰው ሁሉ ፊት ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ሂባን አቀፈና "አልሃምዱሊላህ" እያለ እግሯን ሳመ። ማንም አልሳቀም። ሳሊሀ ወደ አሠልጣኙ ዞረች።

"አቶ ካሳው፣ የእርስዎን ልጆች አሁን ማን ይዟቸዋል?"

"ባለቤቴ።"

"ሥራ የላትም?"

"መምህር ናት" አለና ትንሽ አሰበ። "በዚህ ሰዓት እንኳ ክፍል ውስጥ ናት።" ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "እስቲ አንዴ ልደውል" ብሎ ወጣ፤ ሥልጠናው በዚያው ተበተነ።

በማግስቱ ሳሊሀ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዝም ብሎ የተቆለፈውን ክፍል ለልጆች ማቆያ እንዲሰጧቸው ኃላፊዋን አቶ ገብረ ማርያምን ጠየቀች። "ጥናት ይደረግበታል" አሏት። እሺ ብላ ወጣች፤ በነጋታው ሂባን አምጥታ ጥናቱ እስኪያልቅ ብላ ቢሯቸው ምንጣፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሂባ የማኅተሙን ቀለም ቀመሰች፤ ጠረጴዛው ሥር ገብታም የኃላፊውን ቁርጭምጭሚት ነከሰች። ጥናቱ ከምሳ በፊት አለቀ።

አሁን ክፍሉ ውስጥ የሌሎች ሠራተኞች ልጆችም አሉ፤ ወላጆች ተባብረው የቀጠሯት ማርታ ትጠብቃቸዋለች። ማቆያው ተዘግቶ ሳሊሀ ገጠር በምትወጣበት ቀን በድረዲን ባጃጁን አቁሞ ከሂባ ጋር ቤት ይውላል። የተራ ጓደኞቹ እየደወሉ "እንዴት ነው፣ ሥራ የለውም አላልክም?" እያሉ ያበሽቁታል። እሱ መልስ ለመስጠት ጊዜ የለውም፤ ለሂባ አንዷን ጫማ አድርጎ ሌላዋን ሲፈልግ የመጀመሪያዋ ትወልቃለች።