ካሊጉላ የተዘለለበት ለቅሶ

ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው፤ ነገሩ እንዲህ ነው። በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ፣ ፖም በሚበቅልበት በሁኦን ሸለቆ፣ እማማ ዊኒፍሬድ በተቀበሩ ማግስት ቤታቸው በለቀስተኛና በሊጥ ተሸፍኖ በተጋገረ የበግ ሥጋ ፓይ ተጨናንቋል። ጎረቤቱ ሁሉ ያመጣው ፓይ ነው፤ ውሻው ራሱ ጠግቦ ፊቱን አዙሯል። ልጃቸው ኔሪዳ ሻይ ስትቀዳ፣ ወንድሟ ክላይቭ ከሆባርት ከተማ ይዞት የመጣውን ሐሳብ በሰው ፊት ዘረገፈው።

«እንግዲህ እማዬም የለች። ሰኞ ልጆችሽ ትምህርት ቤት ይገባሉ።»

«አይገቡም!»

«ማን ሊያስተምራቸው? አንቺ? በአሥራ አምስት ዓመትሽ ደብተር ጥለሽ ፖም ለቀማ የወጣሽው?»

ለቀስተኛው ማላመጥ አቆመ።

እማማ ዊኒፍሬድ የከተማው ትምህርት ቤት የላቲን አስተማሪ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ «ላቲን ለማን ይረባል» ብሎ ሰርዞ የስፖርት ሜዳ ጠብቂ ቢላቸው፣ ጥቁር ሰሌዳቸውን ነቅለው፣ በፖም መኪና ጭነው ቤታቸው ገቡ። የልጅ ልጆቻቸውን የፖም መጋዘናቸው ውስጥ፣ ደህናውን ፖም ከተበላሸው እያስለዩ፣ ላቲኑንም የሮማ ነገሥታትንም ተራ በዜማ አስተማሩ። ዛፉ ላይ የሚያድሩት ነጫጭ በቀቀኖች ሳይቀሩ «አውግስጦስ!» ማለት ለምደው ነበር። ኔሪዳንም ከልጆቿ ጎን አስቀመጧት።

«አርጅቻለሁ እኮ እማዬ» ብትላቸው፣

«ላቲንም አርጅቷል፤ ትስማማላችሁ። ለማስተማር ደግሞ ከተማሪሽ አንድ ትምህርት መቅደም ይበቃሻል» አሏት።

«እስቲ ካወቅሽ የሮማ ነገሥታትን አዚሚልን!» አለ ክላይቭ።

ኔሪዳ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «አውግስጦስ፣ ጢባርዮስ፣ ቀላውዴዎስ...»

«እማ! ካሊጉላን ዘለልሽው!» ጮኸች የስምንት ዓመቷ ልጇ ታምሲን። «ፈረሱን ሊሾም የነበረውን! አያቴ ብትሰማሽ ጉድሽ ነበር።»

ክላይቭ ሳቀ። «አያችሁ? ሕፃን አረመቻት!»

ኔሪዳ ፊቷ ቀላ። ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ከወንድሟ ጮክ ብላ።

«አረመችኝ! በዚህ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ ሳትፈራ፣ እናቷን! ያንተ ትምህርት ቤት ይህን ካስተማረ፣ ሰኞ እኔው ራሴ ወስጄ አስገባታለሁ!»

«የማታውቂውንስ ምን ልታደርጊ?»

«እማራለኋ! ለዚህ ነው እኮ ትምህርት የተባለው፣ አንተ ደንቆሮ!»

ትከሻዋ ላይ ከጣለችው የእናቷ ሹራብ ኪስ ቁራጭ ጠመኔ አወጣችና ለታምሲን ሰጠቻት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «እዚሁ ጣውላው ላይ ጻፊልኝ፤ እኔ እከተልሻለሁ» አለች። ዓይኗንም ከልጇ እጅ አልነቀለችም።

ክላይቭም ጫማውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ። ይቺን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ እሱስ መኪናውን አስነስቶ ሄዷል።