አልሰበርም ያለችው የስፌት መኪና

ኔይ ኪናይ ጧት ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የሚሰማት የአውራ ዶሮ ጩኸት አልነበረም። ማዕበሉም አልነበረም። ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ማዶ፣ ከባሏ ታናሽ ወንድም ቤት፣ የስፌት መኪናዋ ናት የምትሰማት፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ሌላው መንደርተኛ ድምፁን ለምዶት አይሰማውም። ኪናይን ግን መርፌዋ ጨርቁን ትታ የእሷን አንጀት የምትወጋ ይመስላት ነበር።

መኪናዋ በእጅ የምትዞር፣ ጥቁር፣ ወርቃማ አበባዋ በመዳፍ ብዛት የተፋቀ አሮጌ ብረት ናት። የገዟት የኪናይ አማት ኔይ ታኪራ ናቸው (ኔይ በእኛ ዘንድ ወይዘሮ ማለት ነው)፤ ልጆቻቸውን ሳይወልዱ፣ የደረቀ ኮኮናት ሸጠው። ያኔ የነበሩት ታንኳዎች በስብሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ተሠርቷል፤ ኔይ ታኪራም ራሳቸው አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች፤ ዛሬም ትሰፋለች። ችግሩ፣ የምትሰፋው ለታናሿ ምራት ለቴቦራ ነው። ድሮ፣ ኪናይ ወላጆቿን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ፣ መኪናዋ ከእሷ ቤት ወጥታ ቴቦራ መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። "አማትሽ ሰጥተዋታል" አሏት።

ነገሩ ይኸው ነው። ብረት ጠፍቶ አይደለም ኪናይ የምትቃጠለው። ትልቋ ምራት እሷ፣ አማቷን የምታበላና የምታጥብ እሷ፣ ስጦታው ሲመጣ ግን ትናንት ለመጣች ሙሽራ! አማቷ ከእሷ ይልቅ ቴቦራን ወደዱ ማለት ነው። ሌላ ምን ፍቺ ይኖረዋል? ምን አጉድላ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም።

ባሏ ቲዮኔ የባዕድ አገር መርከብ ላይ ይሠራል። የሚስቱን እልህ ስለሚያውቅ ለእረፍት በመጣ ቁጥር በኤሌክትሪክ የምትሠራ አዲስ የስፌት መኪና ተሸክሞ ይመጣል፤ ነጭ፣ ቀላል፣ የልጅ መጫወቻ የምትመስል። ጨው ያዘለው ነፋስ ግን ለአዲስ ዕቃ አይራራም። አንደኛዋ ሞተሯ ተቃጠለ። ሌላዋ ዛገች። የመጨረሻዋ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባታል። "የኪናይ መኪናማ ጫጩት ነው የምታወጣው!" ብሎ መንደሩ ይስቃል፤ ኪናይም ትስቃለች፤ ሆዷ እያረረ።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሊመረቅ ሰሞን ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሊለብሱ ተስማሙ፤ ጨርቁም እየተጠቀለለ ቴቦራ ቤት ገባ። ይህን እንኳ ኪናይ ችላው ነበር። ግን አንድ ከሰዓት ለእረፍት የመጣው ቲዮኔ የተቀደደ ሸሚዙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ሲሹለከለክ አየችው።

"ወዴት ነው?"

"ምን... ክንዱ ተቀዶ ነው። ቴቦራ በአንዴ ትሰፋልኛለች።"

የገዛ ባሏ! ያን ጊዜ ዓይኗ ደም ለበሰ። እስከ ዛሬ ከአፏ ያልወጣውን ቃል ለቴቦራ ልትናገር ቆረጠች።

በደሴታችን ቡቡቲ ብሎ የለመነን ሰው እምቢ ማለት የለም። እምቢ ያለ ሰው ስሙ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ሲነሳና ሲጣል ይኖራል። ለማኙ ደግሞ በነጻ አያመልጥም፤ ቡቡቲ ያለ ሰው "እኔ የለኝም፣ አንተ ትበልጠኛለህ" ብሎ በሰው ፊት አንገቱን መድፋቱ ነው። ኪናይ ይህን ሁሉ ዘመን አፏን የያዘችው ለዚህ ነበር።

ስትደርስ ቴቦራ መደብ ላይ ሴቶች ከበው ተቀምጠዋል።

"እትዬ! ነይ ውጪ፣ ሻይ አለ" አለች ቴቦራ።

"ሻይሽን ለራስሽ። ቡቡቲ ብዬሻለሁ።"

ሴቶቹ ከጨርቃቸው ቀና ቀና አሉ።

"ምኑን?"

"መኪናዋን።"

ቴቦራ የጀመረችውን እጅጌ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መኪናዋንም ከእንጨት ክዳኗ ጋር ገፋ አደረገችላት። "ይሁን። ዘይቷን እንዳትረሺ። መርፌዎቹ በቆርቆሮው ውስጥ ናቸው።" ኪናይ እንባ ጠብቃ ነበር፤ ቢያንስ አንዲት የከንፈር መንቀጥቀጥ። ቴቦራ ግን ወገቧን ይዛ ተንጠራራችና እዚያው ጋደም አለች። ይኸም ኪናይን አናደዳት።

ደስታዋ ቶሎ አለቀ። ገና በማግስቱ ጎረቤቷ ጨርቅ አንጠልጥላ መጣች። "ኪናይዬ፣ ቡቡቲ፤ ለልጄ ቀሚስ።" ከዚያ የምረቃው ሸሚዝ፣ ከዚያ የተማሪዎች ልብስ፣ ከዚያ የፓስተሩ መጋረጃ፣ ከዚያ አንዱ ጎረምሳ የታንኳ ሸራ እየጎተተ ደረሰ። እምቢ አይባል ነገር! "መኪናዬ ተበላሽታለች" ብላ እንዳታመልጥ፣ ይቺኛዋ አትበላሽም። የፊተኞቹ መኪናዎቿ ለካ አንድ ደግነት ነበራቸው፤ ይሞቱ ነበር።

ወገቧ ተቆረጠ። ጎደሬ የሚመስለውን ባባይ የምትተክልበትን ጉድጓድ አረም ዋጠው። ቲዮኔ ሩዝ በቆርቆሮ ዓሣ ሲበላ ሰነበተና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የተጋባሁት ከአንቺ ነው ከብረቷ?" ማለት ጀመረ። ከዛፉ ማዶ ግን ቴቦራ ጸጉሯን እያስበጠረች ትስቃለች፣ ካርታ ትጫወታለች፣ ከሰዓት ጥላ ሥር ትተኛለች። ኪናይ እጀታውን እያዞረች ታያታለች። በመኪናዋ ስትቀና ኖራ አሁን ደግሞ በእንቅልፏ ቀናች።

አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠቁር አየችና "ነፋስ ይሻለኛል" ብላ መኪናዋን ባሕሩ ዳር ድንጋዩ ላይ ይዛት ወረደች። ጥቂት ሰፋች። ከዚያ ያለ ክዳን እዚያው ጥላት ወደ ባባይዋ ሄደች። ዝናቡ ወረደ፤ ባሕሩም ሞልቶ ድንጋዩን ሸፈነው። ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛች።

ጧት ቴቦራ መኪናዋን ታቅፋ መጣች፤ ደርቃ፣ ዘይት ተቀብታ፣ እያብረቀረቀች።

"እትዬ፣ ይቺን ረስተሻት ነበር።"

"ውይ በሞትኩት! እንዴት ብዬ..."

"ተዪ እንጂ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!" ቴቦራ በሳቅ ፈረሰች። "እኔም እዚያው ድንጋይ ላይ ጥያት አውቃለሁ። ጧት እንደ ወትሮዋ ሰፋች። እማማ ታኪራማ ከታንኳ ወርውረዋታል አሉ! ባሎቻችን ያኔ ልጆች ናቸው፤ 'እናታችን ወደቀባት' ብለው ጠልቀው አወጡላቸው። ይቺ እኛን ቀብራ ነው የምትሞት።"

ኪናይ ሳቋ አመለጣት። ስቃ ስትጨርስ ግን የቆየውን ነገር አነሳች።

"እንዲህ ካስመረረቻቸው፣ ለሚወዷት ምራት ለምን ሰጡ?"

"ማንን ነው የሚወዱት? እኔን?" ቴቦራ ሳቋን አቆመች። "ኧረ እትዬ፣ መች ሰጡኝ! ቡቡቲ ብያቸው ነው።"

"አንቺ?"

"አዎና። የሚተኙት አንቺ ምንጣፍ ላይ፤ የሚበሉት ከአንቺ እጅ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ኪናይ፣ ሲዘጉ ኪናይ። ቅናት ገደለኝ። ከእሳቸው የሆነ አንድ ነገር የእኔ ቢሆን ብዬ፣ አንቺ በሌለሽበት ለመንኳቸው። ሲሰጡኝ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'እንኳንም ጠየቅሽኝ። ለኪናይ አላወርሳትም፤ ለምወዳት ልጅ ቀንበር አልተውም።' ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።"

ኪናይ የመኪናዋን እጀታ ያዘች፤ የምትይዘው ሌላ ነገር አልነበረም።

"ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?"

"መች ጠየቅሽኝ? አንቺ የለመንሽኝ መኪናዋን ነው።"

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ኪናይ የአማቷን የመጨረሻ ዓመታት አሰበች። አላስራበቻቸውም፤ አላቆሸሸቻቸውም። ግን መኪናዋ ከቤት ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ፊቷን አዙራ ነበር የምታጎርሳቸው። ሊሞቱ አካባቢ፣ አንድ ቀን ጧት፣ አሮጊቷ የሾርባውን ማንኪያ በእጃቸው መለስ አድርገው የቀሚሷን ጫፍ ያዙ።

"ቡቡቲ፣ ልጄ" አሏት፤ "ምን እንዳስቀየምኩሽ ንገሪኝ።"

ከዛፉ ማዶ መኪናዋ ትክ ትክ ትል ነበር። ኪናይም ቀሚሷን ቀስ ብላ ከእጃቸው አስለቀቀችና "ምንም" አለቻቸው።