ብርጭቆ ውስጥ የቀረችው ጂግለር

ዑራኤል ከብርጭቆው የተረፈውን ቤንዚን ወደ ጣሳው ሊገለብጥ ሲል ከሥሩ አንዲት ነገር ቅጭል አለች። በጣቱ አወጣት። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነሐስ ናት። መሃሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አላት፤ ለሞተሩ ቤንዚን እየመጠነች የምታሳልፈው ጂግለር። በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋትና የተቀረጸባትን ቁጥር አነበበ። ዱካው ላይ ዘፍ አለ።

"አይደለም" አለ ለራሱ። እንደገና አነበበ። ያው ነው።

ያቺ ጂግለር አሁን መሆን የነበረባት እዚህ ቂርቆስ፣ የቀበሌ ቤት ደጃፍ ላይ ሳይሆን ያማሃ ሞተር ሳይክሉ ሆድ ውስጥ ነበር። ያማሃዋ ደግሞ ሚስቱን ቡዜን አፈናጥጣ በማለዳ ወጥታለች። የሚነዳት የቡዜ ታናሽ ወንድም ዮሚፍ ነው። የሚሄዱት ወለንጪቲ፣ አባታቸው ጋ። አቶ ሊካሳ ከተኙ ሰንብተዋል፤ ትናንት አመሻሽ ላይ "በሕይወት እናግኛቸው ካላችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ" የሚል ስልክ ተደወለ። የፋሲካ ዋዜማ ሆነና መናኸሪያው ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል፣ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። ዑራኤል ያኔ ነው ደረቱን ነፍቶ "ያማሃዋ ታዲያ ምን ልትሠራ ተቀመጠች?" ያለው።

አይፈረድበትም። መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ክፍል ፋይል ሲያገላብጥ ይውልና፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህች አሮጌ ሞተር ሳይክል ጋር ሲታገል ኖሯል። ከጨረታ ገዝቶ እየገፋ ያመጣት ቀን የግቢው ሰው በሙሉ ወጥቶ ሳቀ። ቡዜም "ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ የእኔ ባል ብረት ያሳድጋል" እያለች ጭሱንም ጩኸቱንም ስታማርር ነው የከረመችው። ትናንት ግን ዓይኑን ትክ ብላ እያየች "ታደርሰናለች አይደል?" አለችው። "በእኔ ይሁንብሽ" አላት። አሁን አንጀቱን የሚበላው ይኸው ቃሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ፋብሪካው የገጠመው ትልቁ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ዑራኤል ለከተማ የሚሆን ትንሽ ጂግለር ፈልጎ ገጥሟል። ቆላ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ ትልቁ ካልተመለሰ ሞተሩ ቤንዚን ይራባል። ዘይቱም የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነውና ይደርቃል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀጥ ይላል። የኋላ ጎማውም አብሮ ቀጥ። ቁልቁለት ላይ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ኋላ የተቀመጠች ሴት የት እንደምትወድቅ ማሰብ አልፈለገም። ግን ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ትልቁን ሊመልስ ብሎ ነው ካርቡራተሩን የፈታው። ሁለቱንም ጂግለር አንድ ብርጭቆ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ አሳደረ፣ ሲነጋጋ ሊገጥም ሲል መብራት ሄደ። መልካቸው አንድ ነው፣ ቁጥራቸው አይታይም፣ ቤንዚን አጠገብ ሻማ አይለኮስም። ዮሚፍ በር ላይ ቆሞ "በቃ ዑራ፣ ረፈደ እኮ" ይላል። "በጆሮዬ እለየዋለሁ" አለ ዑራኤል። አንዷን ገጠመና አስነሳ፤ ሞተሩ አስነጠሰ። ሌላዋን ገጠመ፤ እንደ ስፌት መኪና ጥርት ብሎ ዞረ። "እሷ ናት" ብሎ ዘጋው። በቂርቆስ አየር የምታምረው ለቆላ የማትሆነው እንደሆነች እሱ ራሱ ለስንቱ ሲያስተምር እንዳልኖረ፣ በዚያች ሰዓት ጆሮው አታለለው።

ደግሞ ሙገሳው አለ። ጎረቤቱ ጋሽ አጥናፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ ጡረተኛ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ብቅ አሉና "ዛሬስ አፍ አወጣች" አሉ። ለዓመታት "የብረት ተዝካር" እያሉ ሲያሽሟጥጡት የኖሩት ሰውዬ! ዑራኤል ከዚያ በኋላ ምን ሊመረምር።

ተነስቶ መኝታ ቤት ገባ። የቡዜ ስልክ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ሞቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ዮሚፍ ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለ። ሞተር ላይ ያለ ሰው ምን ሰምቶ ያነሳል። መብራቱ እስካሁን አልተመለሰም፤ የራሱም ስልክ ባትሪ አንድ መስመር ብቻ ቀርቶታል። ሮጦ በሩ ድረስ ወጣና ተመለሰ፤ ኦሎምፒያ ሄዶ ታክሲ ቢለምን እንኳ አሁን ማን ይደርስባቸዋል። ያኔ አጽብሃ ትዝ አለው፤ ናዝሬት፣ ወደ ወለንጪቲ መውጫው ላይ ጎማ የሚጠግን ወዳጁ ነው።

"አጽብሃ፣ ዑራኤል ነኝ።"

"ዑራ፣ እንኳን አደረሰህ። ምነው በጠዋቱ?"

"ስማኝ፤ ቀይ ያማሃ፣ ወንድና ሴት። ሴቲቱ ነጠላ ለብሳለች። በአንተ በር ነው የሚያልፉት፣ አስቁምልኝ።"

"አሁን አለፉ እኮ። ያንተ መሆኗን በድምፅዋ ነው ያወቅኩት። ማርያምን፣ እንዴት ታምራለች መሰለህ፤ ለልጆቹ 'ይሄ የዑራኤል እጅ ነው' አልኳቸው። ምን ሆነ?"

ዑራኤል አፉን ከፈተ። "የረሱት ዕቃ ነበር" አለ።

"አይ፣ ዕቃ ከሆነማ ይደርሳል። በል ሰው መጣብኝ" ብሎ ዘጋው።

ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አልገባውም። "የዑራኤል እጅ" የምትለዋ ቃል ናት ምላሱን ያሰረችው፤ ሚስቱ ልትሞት ስሙን ያድናል። በገዛ ራሱ ላይ ተፋ። መልሶ ደወለ፣ መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወለ፣ ተይዟል። ባትሪውን አየና ፈራ፤ ተወው። ከናዝሬት ወዲያ ያለው ቁልቁለት ፊቱ ላይ ተዘረጋ፣ የቡዜ ነጠላም አስፋልቱ ላይ። አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ እንባው መጣ።

"ደረሱ?"

ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው፣ የቀዳም ስዑር ቄጤማቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ።

"ገና ናቸው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

"ብርድ ነው።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን አዩ፣ የዑራኤልን ጭብጥ አዩ። "እንዲህ ያለ ፀሐይ ላይ ብርድ" አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሊሄዱ አላሰቡም።

ስልኩ ጮኸ። ዮሚፍ ነው። ዑራኤል አረንጓዴውን ተጫነ።

"ዑራ፣ እህቴን ምከርልኝ እስቲ" አለ ዮሚፍ፣ ተናዶ። "ቁልቁለቱ አናት ላይ 'አቁም' ብላ ጀርባዬን ስትደበድበኝ ሰው ሁሉ አየን። ይኸው ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።"

"ደህና ናት?"

"ምን ትሆናለች። ሞተሩ ያፏጫል ትላለች፤ ማለቴ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እንደውም እየበረረች ነው። አባባ እዚያ እየጠበቀ፣ እሷ ዑራኤል ራሱ ካልነገረኝ አልወጣም አለች። በቃ ንገራትና እንሂድ።"

ያፏጫል። ይህን ቃል ራት እየበሉ ስንት ጊዜ ብሏታል፦ ሞተር ካፏጨ ተርቧል ማለት ነው። "እኔስ ሲርበኝ ላፏጭ እንዴ?" ትለው ነበር እየሳቀች። የማትሰማው ይመስለው ነበር።

መላ እንዳለው ያውቃል። ዮሚፍ ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ግማሽ ስቦ፣ አንድ እጁን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ቢነዳ ይደርስ ይሆናል። ማንም ምንም ሳያውቅ ያልፋል። ጋሽ አጥናፉም አጠገቡ ጆሯቸውን አቁመው፣ ምንም ሳይሰሙ ይገባሉ። ይደርስ ይሆናል። ይህቺን "ይሆናል" ትናንት ማታ ቢሆን አይፈራትም ነበር።

"ስጣት" አለ።

"ዑራ?" አለች ቡዜ። ነፋስ ይሰማል። "ያፏጫል አይደል? ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?"

"ልክ ነሽ። ጂግለሯን አሳስቼ ነው የገጠምኩት። እኔ ነኝ።" ድምፁን አልቀነሰም። ጋሽ አጥናፉ ቄጤማቸውን ከግንባራቸው ፈቱ። "እንዳትወጪባት። ያገኛችሁትን መኪና አስቁሙና ሂዱ።"

"አባቴን በሕይወት ባላገኘውስ?" አለች ቡዜ።

"እኔን ርገሚኝ። ብቻ አትውጪባት።"

"እሺ" አለች፣ እያለቀሰች። ዮሚፍ ስልኩን ተቀበላት።

"ሚኒባስ እየመጣ ነው፣ ላስቁም? ያማሃዋስ? ዑራ፣ እዚህ ትተናት ብንሄድ ማታ ጎማዋም አይገኝ።"

"ተዋት።"

"ስንት ዓመት የለፋህባት..."

"ተዋት አልኩህ። እህትህን አሳፍርልኝ። አባባን ስታገኟቸው ደውሉ።"

ስልኩ ተዘጋ። ባትሪው ቀይ ሆኗል። ዑራኤል በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ።

"ያ የናዝሬቱ ወዳጅህ" አሉ ጋሽ አጥናፉ ቀስ ብለው፣ "ቅርብ አይደል? ደውልለትና ሄዶ ያንሳት እንጂ። አሁን ካልደረሰላት አታገኛትም።"

እኚህ ሰውዬ ለያማሃዋ ሲያዝኑ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው።

ዑራኤል የአጽብሃን ስም አወጣ። ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እጁን አነሳ።

"ባትሪው ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው፣ ጋሼ" አለ። "ቡዜ ትደውላለች።"