የማለ እግር

«እሱ ነው?» አለች የልብስ ሰፊዋ የባል እህት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው።

አልነበረም። የገቡት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና ሚስቱ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ አቀፈቻቸው፣ «ያጽናሽ» ተባለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆኗል፤ ብድግ፣ እቅፍ፣ ቁጭ። ሰው እንኳ አልጎደለባትም። ወንበር ከየጎረቤቱ ተለቅሞ መጥቷል፤ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሳይቀር ለቀስተኛ ተደርድሯል። የመጣው ሁሉ ሻዩን ይዞ ስለ ሟቹ ያወራል። የባሏ እህት ደግሞ ያልመጣውን ትቆጥራለች።

«አንድ ወንድም ነው ያለሽ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። የእሷን ሹክሹክታ ጓሮ ያሉትም ይሰሙታል። «ያውም ከኮረብታው ማዶ። ባሕር አላቋረጠ!»

«ይመጣል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ትናንትም ይመጣል ብለሻል።»

«ዛሬም ይመጣል እላለሁ። ለእነሱ ሻይ እንቅዳላቸው እስቲ፣ እትዬ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ከበሩ አልተነሳም። ባሏን ቀብራለች፤ እሱን የሚመልስ የለም። ወንድሟ ግን ለዚህም ቀን ከቀረ መቼም አይመጣም፤ በቁሙ ቀበረችው ማለት ነው። እናትና አባት ካለፉ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ ከሥጋዋ የቀረላት እሱ ብቻ ነው።

በመስኮቱ ኮረብታው ይታያል። አናቱን በክብ የዞረ የአፈር ቅጥር አለ፤ ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ጥልቅ ጉድባ። እጅግ የቆየ ነው፤ መቼና በማን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ከወዲህ ያለው የእነሱ ከተማ ነው፣ ከወዲያ ያለው እሷ የተወለደችበት የጡብ ሠሪዎች ከተማ። የወዲህ ሰዎች «ቅጥሩን አያቶቻችን የሠሩት እነዚያ እንዳይደርሱብን ነው» ይላሉ። የወዲያዎቹም አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ይህንኑ ይላሉ። ባሏ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የዚህ ቅጥር ጠባቂ ነበር።

«ጋሼን ጎብኚ መጥቶ ቅጥሩን ማን ሠራው ሲላቸው» አለ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ «ያልቸኮለ ሰው ነዋ ይላሉ። ንጉሥ ነው ወይ ሲሏቸው ደግሞ፣ ንጉሥ አፈር ሲሸከም አይቼ አላውቅም!»

ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ነውር መስሎት ሁሉም ወደ ብርጭቆው አቀረቀረ። ልብስ ሰፊዋ ግን ደስ ነው ያላት። ባሏ ሰው ሲስቅለት የሚወድ ሰው ነበር።

እሷንም ያገባት በጨዋታ ነው። ያኔ ገና ልጃገረድ ሆና የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ከወዲያ ወደዚህ ገበያ ትመላለስ ነበር። መንገዱ ቅጥሩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ወጣቱ ጠባቂ በየሳምንቱ አንዱን መንገድ በእሾህ ይዘጋና ሌላ ይከፍታል። «ለምንድን ነው?» ብትለው፣ «ሣሩ ደክሞታል፣ ይተኛበት» አላት። በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱ ወዲህ ሸሸ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ጥቂት ወዲያ፤ ሳታስበው አንድ ቀን በጥበቃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ስታልፍ ራሷን አገኘችው። ውሃ ይዞ ቆሞ ነበር። «እዚህ ጋ ያለው ሣር አልደከመም?» አለችው። «ይሄኛው ጠንካራ ነው፣ ደጋግመሽ እለፊበት» አላት።

ወንድሟ ያኔ ይህን ሰው ይወደው ነበር። ለሰርጉ ጫማ የገዛለትም እሱ ነው።

ጠቡ የመጣው በክፍል ምክንያት ነው። የስፌት ሥራዋ በዝቶ መኝታ ቤቱ በጨርቅ ሲሞላ፣ አንዲት የሥራ ክፍል ሥራልኝ ብላ ወንድሟን ለመነችው። ጡብ ሠሪው አላንገራገረም። ለእህቴ ከተራ አፈር ጡብ አልሠራም አለና ጋሪውን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ። የቅጥሩ አፈር ድንጋይ የለውም፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ነው። በወዲያኛው ጎን ያለውን ቅጥር ጋሪ እስኪያሳልፍ ድረስ ቆረሰው። ባሏ እሷን አስከትሎ ሲደርስ ሁለተኛው ጋሪ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አልጮኸም፤ ሄዶ ከአካፋው ፊት ተጋደመ።

«በል እኔንም ቁረሰኝና ከጡቡ ጋር ተኩሰኝ» አለው።

«ለሚስትህ ክፍል ነው እኮ!»

«ቅጥሩ የሚስቴ አይደለም። የእኔም አይደለም።»

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። እንድትፈርድ መሆኑ ነው። አንዱ ባሏ፣ አንዱ ወንድሟ፤ ምላሷ ተሳሰረ። ወንድሟ ጠበቀ፣ ጠበቀና አካፋውን ወርውሮ ጭኑን መታ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቅጥር አፈር ወይም የእናንተን ደጃፍ ብረግጥ፣ ይህ እግሬ ይቆረጥ!»

በቃ፣ አልረገጠም። እሷ ጥቂት ጊዜ ተሻግራ ሄዳ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቷት ጡብ ሲደረድር ዋለ። ክፍሉም ቀረ፣ እሷም ቀረች። ዓመታት እንዲሁ ተቆለሉ።

በሩ ደግሞ ተከፈተ። «እሱ ነው?» አለች የባሏ እህት።

የሚኒባሱ ሹፌር ነበር። ኮረብታውን በሚዞረው መንገድ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ የሚውል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቁልፉን ከእጁ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ቆሞ ሻይ ተቀበለ።

«ወንድምዎ ግን ብርታታቸው!» አለ ልብስ ሰፊዋን። «በዚህ ዕድሜ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ቀላል ነው? ከቀብሩ ጀምሮ ባለፍኩ ቁጥር እዚያው አያቸዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«የት?» አለች።

«ቅጥሩ ላይ ነዋ። የተቆረሰው ጋ። እንደ ወትሮው።»

«እንደ ወትሮው ማለት?»

ሹፌሩ ግራ ገብቶት ሰውን ሁሉ አየ። «አያውቁም እንዴ? አንድ ቀን ወንድምዎ አፈር ይደፋሉ፣ በማግስቱ ባለቤትዎ ይመጡና ይረግጡት ነበር። አካፋው እንኳ አንድ ነው፣ እዚያው ተተክሎ ይውላል። አንድ ላይ ግን አይቻቸው አላውቅም። እኔማ ተራ የገቡ መስሎኝ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ለጎመው?» አለች የባሏ እህት።

«የሚያውቁትን ነገር ላውራ? ሹፌር ወሬኛ ነው እየተባልኩ!»

ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነው። ባሏ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ ሲገባ ስንት ጊዜ ተቆጥታዋለች። «ጠባቂ ነህ ወይስ አራሽ?» ትለዋለች። «ቅጥሩ እያደገ ነው፣ ልኩን ስወስድለት ነበር። አንቺስ ልክ ትወስጂ የለ?» ይላታል። ቀልድ መስሏት ጭቃውን ስትጠርግ ኖራለች። ተናደደች። ልታቅፈው ፈለገች፣ የለም። ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።

«ቤት ሙሉ እንግዳ አስቀምጠሽ ወዴት ነው?» አለች የባሏ እህት።

«ኮረብታው ላይ።»

የባሏ እህት ልትቆጣ አየር ሳበች። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አየች። «በዚህ? ጭቃው ውስጥ ይቀራል!» ብላ የራሷን ሰፊ ጥቁር ጫማ አውልቃ ገፋችላት። «ሂጂ። እንግዳውን ለእኔ ተይው።»

ሰማዩ ከብዷል። ዳገቱን ስትወጣ የታረሰው ማሳ ከበስተግራዋ እየተዘረጋ፣ ወንዙ ከታች እየቀጠነ ሄደ። ወዲያ ማዶ የጡብ ምድጃዎቹ ጭስ ይታያል፤ ወዲህ የራሷ ቤት ጣሪያ። ሁለቱም እኩል ቅርብ ናቸው። የቅጥሩን መሐል አቋርጣ የተቆረሰው ጋ ስትደርስ ቆመች። ድሮ ጋሪ ያሳልፍ የነበረው ክፍት ቦታ ሞልቶ ወገቧ ደርሷል። ወንድሟ ከውጭ በኩል ከጉድባው አፋፍ ላይ ጆንያ ያራግፋል። አርጅቷል። ይህን ያህል ማርጀቱን የነገራት የለም።

«ለቅሶ የሚደረሰው እዚህ ነው እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?»

ቀና አላለም። «ደጃፋችሁን አልረግጥም ብዬ ምያለሁ።»

«ስትምል ነበርኩ፣ አትንገረኝ።»

ያን ጊዜ አያት። «ያጽናሽ፣ እህት ዓለም» አለ። «እህት ዓለም» ካላት ዓመታት አልፈዋል። ቅጥሩን ተደገፈች።

ከአጠገቡ የልቅ አፈር ክምር አለ፤ የቀናት ሥራ ነው። «አፈሩን ለምን እዚያ ትቆልለዋለህ?» አለችው። «ቀዳዳው እዚህ።»

«የእሱ እግር አለበት።»

ጎንበስ ብላ አየች። በሞላው አፈር ላይ የጫማ ዱካ ተደርድሯል፣ ደርቆ፣ ጠርዙ እንኳ ሳይፈርስ። ባሏ ነው። እዚህ ቆሞ ነበር።

«ሲጀመር አፈር የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ። «ክፍሉን ልሠራልሽ ብዬ ነው የቆረስኩት። ክፍሉም ሳይሠራ ቀረ፣ ይሄ ብቻ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከግቢዬ አፈር አምጥቼ ከዚህ ሆኜ ወረወርኩበት። መርገጡን አልችል፣ ምያለሁ። በማግስቱ ስመጣ ተረግጧል። ጫማውን አወቅሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀጠልን። አንዴ ተናድጄ ድንጋይ የበዛበት አፈር ጣልኩለት። ድንጋዩን አንድ ባንድ ለቅሞ በእኔ በኩል ከምሮልኝ ሄደ። ስድብ ነው፣ ገብቶኛል።» ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም።

«ይህን ሁሉ ዓመት፣ አንድ ቃል ሳትነጋገሩ?»

«ምን እንነጋገራለን? ሥራ ላይ ነበርን።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ሲሞላ ላናግረው ነበር። ሲሞላ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ሆኜ እመጣለሁ ብዬ። ይኸው ሳይሞላ ሄደ።»

ሁለት ግትሮች፣ አለች በልቧ፤ ሦስት ብትልም ይሆን ነበር። እሷም አንድ ቃል ተናግራ ነገሩን ከማብረድ ዝም ያለች ናት። «ያን ቀን ዝም ያልኩት ስለማልወድህ አይደለም» አለችው። «ሁለታችሁንም እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለ። «ግን ሳውቀው ዘግይቶ ነበር፤ አፈርኩ።»

ነፋስ መጣ። ወንድሟ ሰማዩን አየ። «ዛሬ ይጥላል። ይሄን አፈር ካልደፋሁ ዝናቡ ዱካውን ያጠፋዋል። ብደፋውም የሚረግጠው የለም፣ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ቸገረኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወጣችና በባሏ እህት ጫማ የባሏ ዱካ ላይ ቆመች። ዱካው ሰፋባት።

«ጣል» አለች።

«እላዩ ላይ?»

«ከታች ከሆነ ዝናብ አያገኘውም። ጣል ወንድም ጋሼ።»

ጣለ። እሷ ረገጠች። ጣለ፣ ረገጠች። አፈሩ በጫማዋ ዳር እየሾለከ ይበተናል።

«የስፌት መኪና መሰለሽ እንዴ?» አለ። «ጠበቅ አድርገሽ!»

«ከባድ ሰው ካማረህ ራስህ ና።»

«ምያለሁ አልኩሽ።»

ቆም አለች። «የማልከው የቅጥሩን አፈር ነው። ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከግቢዬ።»

«ታዲያ የማን አፈር ነው?»

አካፋውን ተደግፎ ብዙ አሰበ። «ደጃፋችሁስ?» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«ለደጃፉ አንድ ጆንያ አፈር ይዘህ ትመጣለህ። እያነጠፍን እናስገባሃለን።»

ሳቅ አመለጠው። እጁን ዘረጋላት፣ ይዛ ሳበችው፣ አንድ እግሩን አነሳና አፈሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሌላውን። አፈሩ ትንሽ ሰመጠና ቻለው። ያኔ ነው ሳቁ ወደ ለቅሶ የዞረበት፤ ባለበት ቆመ። የመጀመሪያው ጠብታ እጇ ላይ አረፈ።

«አልቅስ፣ ማን ከለከለህ» አለችው ክንዱን ይዛ። «እግርህን ግን አታቁም።»

እሱም እያለቀሰ ረገጠ።