ጆሮ ጠቢ የተባለው ውሃ ቀጂ

ለመንገደኛ የሚጠጣ ውሃ ከደጁ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ተብሎ ይጠራል? በያንጎን ከተማ ዳርቻ በምትገኝ አንዲት ሰፈር፣ ባለፈው ሳምንት፣ "ጆሮ ጠቢ" ተብሎ ተጠራ። የተጠራውም ከተገደለ በኋላ ነው፤ ሰምቶ "አይደለሁም" እንዳይል።

ሚስቱ ዶ ሳን ኑ ከማለዳ ጀምራ በየደጁ እየዞረች ታንኳኳለች። በማግስቱ የባሏ ሰባተኛ ቀን ነው። መነኮሳት ይጋበዛሉ፣ ጎረቤት ይበላል፣ የበጎ ሥራው ዋጋ በሟቹ ስም ለሰሚ ሁሉ ይካፈላል፤ የተሰበሰበው ሰውም "መልካም ሆነ" ብሎ ሦስቴ ይመሰክራል። የሟች ነፍስ ቤቷን ለቃ የምትሄደው ያኔ ነው። እስከዚያ እዚያው ቤት ትቀመጣለች። ሰው ካልመጣ ግን ማን ይመሰክርላታል?

አራተኛው በር የኑድል ሻጯ የዶ ኦን ቺ ነው። ተከፈተ፤ ግማሹ ብቻ።

"ነገ ጠዋት እንዳትቀሪ፣" አለቻት ዶ ሳን ኑ። "ሞሂንጋውን፣ የዓሣ ሾርባ ኑድሉን፣ አንቺው ትሠሪልኛለሽ ብዬ ነበር።"

"ጉልበቴን አሞኛል እኮ፣ እህቴ። መቆም ሁሉ አልቻልኩም።"

"ትናንት ገበያ አይቼሻለሁ። በሁለት እጅሽ ዘንቢል ይዘሽ ስትሮጪ።"

"ትናንት አላመመኝም ነበር።"

"ጉልበትሽም በስልክ የወጣውን መግለጫ ያነባል ማለት ነው።"

ዶ ኦን ቺ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ባልሽ ሰው እንደነበር አላጣሁትም። የጋሪዬን ጎማ ስንቴ በነፃ ለጥፎልኛል። ግን ወታደሩን የሚዋጉት ልጆች አንዴ ጆሮ ጠቢ ካሉ ብለዋል። ነገ እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ብታይ፣ ከነገ ወዲያ ኑድሌን ማን ይበላልኛል? ያቺን የባንክ ሠራተኛ አታያትም? በወታደሩ ላይ የተመታውን አድማ ትታ ሥራ ስለገባች ሰላም የሚላት ሰው የለም።"

"አውቃለሁ። እኔም ፊቴን አዙሬባታለሁ።"

"ይኸውልሽ እንግዲህ፣" አለች ዶ ኦን ቺ፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የጆሮ ጠቢነቱ ማስረጃ ምን እንደነበር እንይ። ኡ ባ ልዊን ጎሚስታ ነበር። የብስክሌትና የጋሪ ጎማ ከሚለጥፍበት ቦታ አጠገብ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ በእንጨት መደርደሪያ ላይ የሸክላ እንስራዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ክዳን ላይ መጠጫ ተደፍቶበታል። መደርደሪያውን ያቆመችው እናቱ ናት። እሷ ስትሞት እሱ ቀጠለ። ለተጠማ መንገደኛ ውሃ ማቅረብ ድሃም የማይቸገርበት ጽድቅ ነው ይል ነበር። ወታደሩ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ግን መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲጠፋ የውሃ መሳቢያው ቆመ። በሰፈሩ ጄኔሬተር ያለው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ኡ ባ ልዊን በየማለዳው ባልዲውን አንጠልጥሎ እዚያ ይገባል። በሩ ላይ ካለው ወታደር ጋር አንድ ሁለት ቃል ይለዋወጣል፤ ዝም ብሎ የሚያልፈውን ሰው ወታደር አይወድማ። ቀድቶ ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚከታተለው ዓይን ሰውየው ሲገባ አየ፣ ሲያወራ አየ፣ ሲወጣ አየ። ባልዲውን አላየም።

እንስራዎቹን በመሙላት ላይ ሳለ ከመደርደሪያው ጀርባ የተቀመጠው ቦምብ ፈነዳ።

ዶ ሳን ኑ ስትደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች አልነበረም፤ እሱ ግን ነበር። አውቋታል። ነጠላ ጫማው የት እንደወደቀ ጠይቋታል። ወታደሮቹ ከቀበሌው ወጥተው ወደ ሰማይ፣ ከዚያም ወደ ቤቶቹ ተኮሱ፤ መንገዱንም በሁለት በኩል ዘጉት። የቀብር መረዳጃ ማኅበሩ አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። አንድ ሃምሳ አለቃ ጥጉ ላይ አስቆመው። አካባቢው ሳይፈተሽ ማንም አያልፍም አለ። ዶ ሳን ኑ ባገለደመችው ሎንጂ ጫፍ የባሏን ጭን አጥብቃ ይዛ መኪናውን ታየው ነበር። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ቃሬዛውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ያን ያህል ቅርብ ነበር። ፍተሻው ሲያልቅ ባሏም አልቆ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ቦምቡን ያፈነዱት ልጆች በስልክ መግለጫ አወጡ፦ "አንድ የአምባገነኑ ጆሮ ጠቢ ተወግዷል።" የመንግሥት ቴሌቪዥንም ዜና ሠራ፦ "ሽብርተኞች ከአስተዳደሩ ጋር ሲተባበር የነበረ ሰላማዊ ዜጋ ገደሉ።" በምንም ነገር የማይስማሙ ሁለት ጠላቶች በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ ኡ ባ ልዊን የወታደሩ ሰው ነበር በሚለው ውሸት።

የቀበሌው ሹም ኡ ሚዮ ታን በቀትር መጣ። ከኋላው አንዱ ሩዝና ዘይት፣ ሌላው ካሜራ ተሸክሟል።

"እህቴ፣ ያለ ፈቃድ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ እንደማይቻል ያውቃሉ አይደል?"

"አምስቱን ያግኙልኝና ይከልክሉኝ።"

"አገኝልዎታለሁ እንጂ።" ሳይጋበዝ ተቀመጠ። "የሴቶች ማኅበሩ አለ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አሉ። ድንኳኑም በእኛ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ለካሜራው አንድ ሁለት ቃል ነው። ባለቤትዎ ከእኛ ጋር ይተባበሩ እንደነበር፣ እነዚያ አውሬዎችም በዚሁ እንደገደሏቸው።"

"ባሌ የተባበረው ከቧንቧችሁ ጋር ነው።"

"ያው ነው።"

"ለእርስዎ ያው ነው።" ሩዙን አየችው፤ አልነካችውም። "አምቡላንሱን ያስቆመው ሃምሳ አለቃስ ነገ ይመጣል?"

ሹሙ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። "እሱ የጸጥታ ጉዳይ ነው። አሁን እሱን ማንሳት ለማንም አይበጅም። ለእርስዎ በተለይ።"

ዶ ሳን ኑ ባሏ የሚተኛበትን ምንጣፍ ተመለከተች። ትራሱ አሁንም እዚያው ነው፤ እስከ ሰባተኛው ቀን አይነሳም።

"እናገራለሁ፣" አለች። "ካሜራውን ያምጡት።"

ሰውየው ሩዙን ትቶ ሄደ። ወሬው ግን ቀድሞት ወጥቶ ኖሮ፣ ብዙም ሳይቆይ ሱ ምያት በጓሮ በር ገባች። ሱ ምያት ወታደሩን አላገለግልም ብላ ማስተማሯን የተወች መምህርት ናት። ሊይዟት በመጡ ጊዜ ኡ ባ ልዊን ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ጀርባ ደብቋት፣ "የምትሰሙት አይጥ ነው፣ ግቡና ግደሉልኝ" ብሎ ወታደሮቹን አስቆ መልሷቸዋል። ከልጆቹ ጋር የምትገናኘው እሷ ናት።

"አክስቴ፣ ለካሜራ ሊናገሩ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

"በዚህ ሰፈር ወሬ ከአምቡላንስ ይፈጥናል።"

"እባክዎ አያድርጉት። ከዚያ በኋላ የባለቤትዎን ስም ማንም አያድነውም።"

"አሁንስ ማን እያዳነው ነው? ባሌን ታውቂዋለሽ። ለልጆቹ ነግረሻቸዋል?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"እሺ?"

"ስህተት መሆኑን አውቀዋል። አንደኛው ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድለትም።"

"እህሉን ይብላና ይጻፈው። ለመግደሉ ያልሰነፈ እጅ ለዚህ ሰነፈ?"

ሱ ምያት መሬት መሬት እያየች መለሰች። "አሁን ተሳስተናል ብንል የሚጠቀምበት ወታደሩ ነው። መንደር የሚያቃጥሉት፣ ትምህርት ቤት በአውሮፕላን የሚደበድቡት እነሱ፣ 'አያችሁ፣ ገዳዮቹ እነዚህ ናቸው' ይላሉ። ከድል በኋላ ሁሉም ይጣራል፣ አክስቴ።"

"ባሌ ለወታደሩ ይጠቅማል ተብሎ ተገደለ። አሁን ደግሞ እውነቱ ለወታደሩ ይጠቅማል ተብሎ ይቀበር?" ሳትጮኽ ቀጠለች። "እኔ ወታደሩን ለመቃወም ማታ ማታ ድስቴ እስኪጎደጉድ የደበደብኩት አንዱን ውሸታም አስነስቼ ሌላውን ላስቀምጥ አይደለም።"

"ከእነሱ እኩል አደረጉን?"

"እኩል ብትሆኑማ አልጠይቃችሁም ነበር። ከእባብ ይቅርታ የሚጠብቅ ማን አለ?"

ሱ ምያት በገባችበት በር ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ መንገዱን ይዞ ተተክሏል። የሴቶች ማኅበሩ አባላት አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው ምንጣፉን ሞልተውታል፤ ሟቹን አንዳቸውም አያውቁትም፤ ስልካቸውን እያዩ ይሳሳቃሉ። ከሰፈሩ ሰው አልመጣም። የየቤቱ መጋረጃ ግን ይንቀሳቀሳል። መነኮሳቱ በልተው ከጨረሱ በኋላ አንጋፋው ጸሎቱን አደረሰ። ዶ ሳን ኑ በጎ ሥራው የሚመሰከርበትን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገች ወደ ሳህኑ አፈሰሰች። ቀጥሎ የቀረው እሷ በማይክሮፎን የበጎ ሥራውን ዋጋ ለሰሚ ሁሉ ማካፈል፣ ሰውም መመስከር ነው።

ድምፅ ማጉያ ያከራየው ሰው ጎንበስ ብሎ ጠየቃት። "ድንኳኑ ውስጥ ብቻ ይሰማ?"

"ወደ መንገዱ አዙረው። የቻለውን ያህል ክፈተው።"

ኡ ሚዮ ታን ከፊት ረድፍ ሆኖ ለካሜራው ሰው ራሱን ነቀነቀለት። መቅረጽ ጀመረ።

"ባሌ ኡ ባ ልዊን ጎሚስታ ነበር፣" አለች። ድምጿ ከቤቶቹ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ተመለሰላት። "ቀበሌ የሚገባው ውሃ ሊቀዳ ነው። ማንንም ጠቁሞ አያውቅም። እዚህ መንገድ ላይ የምትኖሩ ሁላችሁ ውሃውን ጠጥታችኋል፤ በየመጋረጃው ጀርባ የቆማችሁትም።"

የማኅበሩ ሴቶች ከስልካቸው ቀና አሉ።

"ቦምቡን ያስቀመጥክ ልጅ፣ ስምህን አልጠይቅህም። ብትናገር ይገድሉሃል፤ ያንተን እናት ደግሞ እንደኔ ላደርጋት አልፈልግም። ግን ጆሮ ጠቢ ብላችሁ በአደባባይ ጽፋችኋል። ተሳስተን ንጹሕ ሰው ገደልን ብላችሁ በአደባባይ ጻፉ።"

ሹሙ ፊቱ በራ። የቀጠለችውን እስኪሰማ ነው።

"አምቡላንሱን ያስቆምክ ሃምሳ አለቃ፣ ያንተን ስም ግን እጠይቃለሁ። ጠመንጃውም ያንተ፣ መንገዱም ያንተ ነው፤ ምን ያስፈራሃል? እግሩ የተቆረጠ ሰው ደሙ እስኪያልቅ ምን ነበር የምትፈትሸው? ማንስ ነው ያዘዘህ?"

"ይበቃል፣" አለ ኡ ሚዮ ታን ተነስቶ። "ካሜራውን አጥፋ። ሴትዮ፣ ማይኩን አምጪ።" እርስዎ ማለቱን ረስቶታል።

"ትጨርስ፣" አለ አንጋፋው መነኩሴ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። ሹሙ በመነኩሴ ፊት እጁን መዘርጋት አልሆነለትም፤ ድንኳኑ ጥግ ወደቆሙት ሁለት ወታደሮች ዞሮ ጠቀሳቸው። እነሱም ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ወጡ።

ዶ ሳን ኑ አየቻቸው። የማካፈያዋን ቃል ለማለት ጊዜ ነበራት፤ አጭር ቃል ናት። በዋዜማው ከማለዳ ጀምራ በየደጁ የለመነችው ይህችን ቃል ለማለት ነበር። አላለቻትም።

"ባሌን ዛሬ አልሸኘውም፣" አለች ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ። "በዚህ ስም አይሄድም። ቤቱ ይቀመጥ፤ መልሱን አብረን እንሰማለን። በስልክ አይደለም፣ በቴሌቪዥንም አይደለም። የገደላችሁትም፣ ሲሞት ያያችሁትም፣ እዚህ መጥታችሁ ሰው ፊት መልሱልኝ።"