ግመሏ የጠጣችው ኩሬ

1.
ውሃ ውስጥ ስንት ጨው እንዳለ በምላሴ አውቃለሁ። የካምፑ ላብራቶሪ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እኔ አንዴ ቀምሼ እጨርሰዋለሁ። ሂባቅ እባላለሁ። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ በቃኝ። አማርኛውን የለቀምኩት በጋዝ አውጪዎቹ ካምፕ ወጥ ቤት ድንች ስልጥ ነው። ስህተት ካያችሁ ዝለሉት፣ እኔም ዘልዬዋለሁ።

2. ሳታውቁ እንዳታልፉ
ጋዝ ሲወጣ ከመሬት ሆድ ጨዋማ ውሃ አብሮት ይወጣል።
ማሽን ያጣራዋል። የተጣራው ለከብት መኖ ሣር ማጠጫ ይሆናል።
የተረፈው ጥቁር ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ውስጥ ይደፋል።
ኤዶ ሩቂያ፣ የአባቴ እህት፣ የምትታለብ ግመል አለቻት። የኤዶ መንታ ሕፃናት የሚኖሩት በግመሏ ወተት ነው።
አንዲት ግመል።

3. ንግግር፣ አጥሩ ሥር
እኔ፦ ኢንጂነር ሙሉሰው፣ ጥቁሩ ኩሬ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?
እሱ፦ ጨው።
እኔ፦ ጨው ብቻ?
እሱ፦ (ስልኩን እያየ) ጨው አልኩሽ እኮ! ሂጂ ድንችሽን ላጪ።

4. ግመል ለማያውቅ
ግመል ጨው ካጣች ወተቷ ይነጥፋል። ለዚህ ነው በየጊዜው ጨዋማ ጉድጓድ የምንወስዳት። ዘንድሮ ድርቁ ጉድጓዱን አደረቀው። የኤዶ ግመል ወተት ቀነሰ። እናንተስ ምን ታስቡ ነበር?
እኔማ አሰብኩ።

5. እንዲህ አድርጊ
የጥቁሩ ኩሬ አጥር የተቀደደበት ጋ ሂጂ።
ጣትሽን ውሃው ውስጥ ንከሪና ቅመሺ። አቃጠለሽ? ጎሽ፣ ጨው ነው።
ናፍጣ ናፍጣ ሸተተሽ? የመኪና ነው በዪ።
ግመሏን ሳቢ። እምቢ ካለች አንገቷን እያሻሸሽ ግመል ስናጠጣ የምንዘፍነውን የውሃውን ዘፈን ዝፈኚላት። በዘፈን እምቢ የሚል ግመል የለም።

ጠጣች።

6.
እዚህ ላይ ላቆም ፈልጌ ነበር። ወረቀቱን ሁለቴ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር።



7.
በሦስተኛው ቀን ተንበረከከች።
በአራተኛው
አልተነሳችም።

8.
ኢንጂነሩ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ዘይትም አለው፣ ኬሚካልም አለው... ለልጅ ምን ብዬ ላስረዳ?» አለ። ከዚያ የካሳ ቅጽ ሰጠን። ኤዶ መጻፍ አትችልም፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

የእንስሳው ዓይነት፦ ግመል፣ ሴት
ባለቤት፦ ሩቂያ
የሞተችበት ምክንያት፦

አጥሩን ልጻፍ? ድርቁን? ሙሉሰውን?
«ኤዶ፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?»
መንታዎቹ ጣቷን ይጠባሉ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።
«ስምሽን ጻፊ።»