የቴክሳስ ናፍጣ

አጎቴ ኦሪን በቢሊንግስ ከተማ ሆስፒታል ከገባ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ጠዋት ነርሷ ደውላ ልታዩት ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ኑ አለችንና ስልኩን ለእሱ ሰጠችው።

"ቨርሊን" አለው አባቴን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "በልጅህ መኪና ና። ያንተ ጭሳም በዚህ ብርድ አይነሳም።"

"አይነሳም? ከአልጋህ ሆነህ ድምፁን ትሰማዋለህ!"

"እንግዲህ አንተን እጠብቃለሁ፤ እሱ እስኪሞቅ ግን አልጠብቅም።"

ሁለቱም ሳቁ። አርባ ዓመት የተራረቡት በዚሁ ነው፤ አባቴ የናፍጣ ሰው፣ አጎቴ የቤንዚን። እኔ ከኮሌጅ ተመልሼ የቤንዚን ፒክአፕ ስገዛ አባቴ "የኦሪን ልጅ" ይለኝ ጀመር።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ተጎታች ሙሉ ኮርማ ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ናፍጣን የሚያህል የለም። ለሌላው ሥራ ቤንዚኑ ይበቃል፤ ጥገናው አያስቸግርም፣ ብርድም አይፈራም።

የዚያን ዕለት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር። የአባቴ ፒክአፕ ማሞቂያ ባለው ጋራዥ ውስጥ ስላደረ በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

"ስማው! ስማው እንጂ!" አለኝ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሎኛል። ከሦስት ቀን በፊት ኮርማዎች አድርሶ ከቴክሳስ ሲመለስ እዚያ ናፍጣ ረክሶ ስላገኘ ትርፍ ታንከሩንም ሞልቶ ነበር። የተረፈውን ትናንት ወደ ዋናው ታንከር ሲገለብጥ አይቼዋለሁ። የደቡብ ናፍጣ የክረምት ድብልቅ የለውም፤ እኛ አገር ብርድ ሲያገኘው እንደ ሰም ይረጋል። ይህን በዘጠኝ ዓመቴ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። በጥድፊያ ረሳው። እንዳይረጋ የሚጨመረው መድኃኒት እጄ ከሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ዝም አልኩ። አንድ ቀን ብቻ ሲሸነፍ ላየው ፈለግሁ። መንገድ ላይ ቆሞበት እኔ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ ኦሪንም ሲስቅበት። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው የምንዘገየው ብዬ በራሴ መኪና ተከተልኩት።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ፒክአፑ እየተንገጫገጨ ዳር ይዞ ቆመ።

"ግባ፣ አባዬ።"

"ቆይ፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ልቀይረው።"

"ተው፣ አባዬ፣ እንሂድ!"

"በቤንዚን መጥቼ እሱ ፊት አልቀርብም አልኩህ!"

ማጣሪያውን ሲፈታው ውስጡ እንደ ሞራ ነጭ ሆኗል። አዲስ አስገባ፤ ያም ተደፈነ። ከአንድ ሰዓት በላይ ታገለ። ጣቶቹ አልታጠፍ ሲሉት እኔ መኪና ውስጥ ገባ።

ስንደርስ አልጋው ባዶ ነበር።

"ካረፈ ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው" አለች ነርሷ። "'ተነሳለት?' እያለ ይጠይቀን ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባንም፤ አዎ አልነው።"

ስንመለስ አባቴ ፒክአፑ የቆመበት ቦታ ላይ አስቆመኝ። ወርዶ የበሩን በረዶ በእጁ ሲጠርግ ቆየ።

"የቴክሳሱ ናፍጣ መሆኑን እንዴት ረሳሁት?" አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። "አንተስ፣ ትዝ አላለህም?"

"እኔም ረስቼው ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አመነኝ።